ፓዝ አንዱ ተርሚናል ላይ ሠርቶ ሌላው ላይ የሚጠፋው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «ኡቡንቱ ነው የምጠቀመው። አንድ የፕሮግራም መሣሪያ /ኦፕት ሥር አስገባሁ። ኢንተርኔት ላይ ባገኘሁት ምክር ፓዝ ላይ የሚጨምረውን መስመር ባሽ_ፕሮፋይል ላይ ጻፍኩ። ፋይሉ ስላልነበረ ራሴ ፈጠርኩት። በኤስኤስኤች ስገባ መሣሪያው ይሠራል፤ ግን የትዕዛዝ መስመሩ ቀለምና አሊያሶቼ በሙሉ ጠፉ። ዴስክቶፑ ላይ ተርሚናል ስከፍት ደግሞ ትዕዛዙ አልተገኘም ይለኛል። በየመስኮቱ ሶርስ ማድረግ ሰለቸኝ። ክሮን ላይ ያስቀመጥኩት ስክሪፕትም እምቢ አለ። መስመሩን በሁሉም ፋይሎች ላይ ልድገመው? ወይስ /ኢቲሲ/ኢንቫይሮንመንት ላይ ልጻፈውና ልገላገል?»

ምላሽ፦ ሁለቱንም አያድርጉ። መስመሩን በየፋይሉ የበተነ ሰው ውሎ አድሮ የትኛው የቱን እንደሻረ ራሱም አያውቅም። የጠቀሷቸው ችግሮች አንድ ይምሰሉ እንጂ ምክንያታቸው ለየቅል ነው። የተበላሸ ነገርም የለም። ማሽኑ የታዘዘውን ነው ያደረገው።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ማሳሰቢያ። የፋይሎችንና የትዕዛዞችን ስም እዚህ እንደሚነበቡት በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ሲተይቡ በላቲን ነው። ባሽአርሲ፣ ፕሮፋይልና ባሽ_ፕሮፋይል የምላቸው ሆም ፎልደርዎ ውስጥ ያሉት ናቸው፤ ስማቸው በነጥብ ይጀምራል፣ ነጥቧን ለንባብ እንዲመች ትቻታለሁ። ሼል የምለው የሚተይቡትን ትዕዛዝ ተቀብሎ የሚያስኬደውን ፕሮግራም ነው፤ ባሽ አንዱ ሼል ነው። ፓዝ ደግሞ ሼሉ ትዕዛዝ የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር ነው፤ ሁልጊዜ በትልልቅ ፊደላት ነው የሚጻፈው።

ብዙ ሰው የሚስተው መነሻው ላይ ነው። እነዚህ ፋይሎች ሲስተሙ በየጊዜው እየከፈተ የሚያያቸው የሴቲንግ መዝገቦች ይመስሉታል። አይደሉም። ሼል ሲነሳ አንድ ጊዜ የሚያስኬዳቸው ተራ ስክሪፕቶች ናቸው። አስኬዳቸው፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ያለው የውርስ ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ ፕሮሰስ (በመሄድ ላይ ያለ ፕሮግራም) ሲፈጠር የወላጁን፣ ማለትም ያስነሳውን ፕሮሰስ፣ ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብሎች (እንደ ፓዝ ያሉ፣ ስምና ዋጋ ያላቸው መረጃዎች) ቅጂ ይዞ ይነሳል። ቅጂ ነው። ልጁ ቢለውጠው ወላጁ ጋ አይደርስም፤ ወላጁ ዘግይቶ ቢለውጠውም ልጁ አያየውም። ዩኒክስ ይህን አሠራር የያዘው እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው ሰባተኛው እትም ነው፤ እስከዛሬም እንደዚያው ነው።

ይህን ከያዙ ግማሹ ግራ መጋባት ይለቃል። ፋይሉን አስተካክለው ሴቭ ሲያደርጉ አስቀድሞ የተከፈተ መስኮት ምንም የማይሰማው ለዚህ ነው። ፋይሉን እንደ ፕሮግራም ሲያስኬዱት ምንም የማይለወጠውም ለዚህ ነው፤ አዲስ ልጅ ፕሮሰስ ተፈጥሮ፣ ለውጡን ለራሱ አድርጎ፣ ለውጡን እንደያዘ ይሞታል። ሶርስ የሚሠራው ስክሪፕቱን ልጅ ሳይፈጥር እዚያው በከፈቱት ሼል ውስጥ ስለሚያነበው ነው። ኤክስፖርትም እንዲሁ። ኤክስፖርት ያልተደረገ ቫሪያብል የሼሉ የግል ንብረት ነው፤ ለልጆቹ አይተላለፍም። ፓዝ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ኤክስፖርት ሆኖ ስለሚመጣ ልዩነቱ አይታይም። ለአዳዲስ ቫሪያብሎች ግን ይታያል።

ስለዚህ ጥያቄው «የቱ ፋይል ላይ ልጻፍ?» ሳይሆን «ይህን ፕሮሰስ ማን አስነሳው? ከማንስ ወረሰ?» ነው።

አሁን ወደ ባሽ። ባሽ ሲነሳ ራሱን ሁለት ነገር ይጠይቃል። ሎግኢን ሼል ነኝ ወይ? ከሰው ጋር እየተነጋገርኩ ነው ወይ፣ ማለትም ኢንተራክቲቭ ነኝ ወይ? ሎግኢን ሼል የሚባለው ተጠቃሚው ወደ ሲስተሙ ሲገባ መጀመሪያ የሚነሳው ነው። በኤስኤስኤች፣ ማለትም ከሩቅ ማሽን፣ ሲገቡ፣ በጽሑፍ ኮንሶል ስምና ፓስወርድ ሲሰጡ፣ «ሱ» ከሰረዝ ጋር ሲሉ የሚያገኙት እሱን ነው። ምልክቱ ቀላል ነው፦ አስነሺው ፕሮግራም ለሼሉ ስም ሲሰጠው ከፊቱ ሰረዝ ይጨምርበታል። «ኤኮ $0» ብለው «-ባሽ» ከመለሰልዎ ሎግኢን ሼል ውስጥ ነዎት። ሰረዝ ባይኖር ግን አይደለም ማለት አይቻልም፤ «ባሽ --ሎግኢን» ተብሎ የተነሳውም ሎግኢን ነው። እርግጠኛ መሆን ከፈለጉ «ሾፕት ሎግኢን_ሼል» ይበሉ፤ ኦን ወይም ኦፍ ብሎ ይነግርዎታል።

ሎግኢን ሼል የሆነ ባሽ መጀመሪያ /ኢቲሲ/ፕሮፋይልን ያነባል። ቀጥሎ ሆም ውስጥ ሦስት ፋይሎችን በተራ ይፈልጋል፦ ባሽ_ፕሮፋይል፣ ባሽ_ሎግኢን፣ ፕሮፋይል። የእርስዎ ቀለም የጠፋው እዚህ ላይ ነው። ባሽ ሦስቱንም አያነብም። ቀድሞ ያገኘውን አንዱን ብቻ ያነብና የቀሩትን ዞር ብሎም አያያቸውም። ኡቡንቱ አካውንት ሲፈጥርልዎ የሚሰጥዎ ፕሮፋይልን ነው። እዚያ ውስጥ ደግሞ «የሚያነበኝ ባሽ ከሆነ ባሽአርሲንም አንብብ» የሚል ቁራጭ አለ። ቀለሙም አሊያሶቹም (ለትዕዛዞች የሚሰጡት አጭር ስሞች) ያሉት ባሽአርሲ ውስጥ ነው። አዲሱን ባሽ_ፕሮፋይል ሲፈጥሩ ፕሮፋይል ተሸፈነ፤ ፕሮፋይል ሲሸፈን ወደ ባሽአርሲ የሚወስደው መንገድ ተዘጋ። አንድ መስመር ለመጨመር ሁለት ፋይል አጠፉ ማለት ነው። ፋይሎቹ ግን ምንም አልሆኑም፣ እዚያው አሉ።

ዴስክቶፑ ላይ የሚከፍቱት ተርሚናል ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። የገቡት ቀድሞ፣ በግራፊክ መግቢያው ነው። ተርሚናሉ የሚያስነሳው ሼል ኢንተራክቲቭ ነው እንጂ ሎግኢን አይደለም። እንዲህ ያለ ባሽ ሆም ውስጥ የሚያነበው ባሽአርሲን ብቻ ነው። ባሽ_ፕሮፋይልን ስሙንም አይጠራውም።

ምክሩን የሰጠዎት ሰው ዋሸዎት ማለት አይደለም። ምናልባት የማክ ተጠቃሚ ነበር። ማክኦኤስ ላይ የተርሚናል አፑ በልማዱ እያንዳንዱን መስኮት እንደ ሎግኢን ሼል ነው የሚከፍተው። እዚያ ባሽ_ፕሮፋይል ላይ የጻፉት ሁሉ በየመስኮቱ ይሠራ ነበር። ኢንተርኔት ላይ የሚዞረው ግማሹ ምክር ከዚያ የተቀዳ ነው፤ ሊኑክስ ላይ ሲመጣ እግሩ አይቆምም። ማክም ቢሆን ከ2019ኙ ካታሊና ጀምሮ ለአዲስ አካውንት የሚሰጠው ባሽ ሳይሆን ዜድ ሼል ነው። ስለዚህ ምክሩ አሁን ለማክም አርጅቷል።

ክሮን፣ በተቀጠረ ሰዓት ሥራ የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ከሁለቱም የተለየ ነው። ክሮን ሥራውን የሚያስነሳው ራሱ ነው፤ እርስዎ በኤስኤስኤች ከገቡበት ሼል የሚወርሰው አንዳች ነገር የለም። ሎግኢንም ኢንተራክቲቭም ያልሆነ ሼል ስለሚጠቀም ፕሮፋይልንም ባሽአርሲንም አያነብም። በልማድ የሚሰጠው ፓዝ /ዩኤስአር/ቢን እና /ቢን ብቻ ነው፤ ሼሉም /ቢን/ኤስኤች ነው። እጅዎ ላይ ሠርቶ ክሮን ላይ እምቢ ቢልዎት አይገርምም፤ እጅዎ ላይ ስለሞከሩት ነው እንዲያውም የተሸወዱት።

እንግዲህ አማራጮቹ። ሁሉንም ነገር ባሽአርሲ ላይ መጻፍ ብዙ ሰው የሚመርጠው ነው፤ ቶሎ ውጤት ያሳያላ። እኔ አልወደውም። አንደኛ፣ በአይከን ጠቅ አድርገው የሚከፍቱት የኮድ ኤዲተር ከዴስክቶፑ ነው የሚወርሰው፤ ዴስክቶፑ ደግሞ ባሽአርሲን የሚያነብበት ምክንያት የለውም። ተርሚናሉ መሣሪያውን ያገኘዋል፣ ኤዲተሩ አያገኘውም። ሁለተኛ፣ ሼል ውስጥ ሼል በከፈቱ ቁጥር ያው መስመር እንደገና ይሄድና ፓዝ ያንኑ ፎልደር ደጋግሞ ይሸከማል። ሦስተኛ፣ የኡቡንቱ ባሽአርሲ ገና ከመጀመሪያው ኢንተራክቲቭ ካልሆነ ተመለስ የሚል ቁራጭ አለው። ከሩቅ ማሽን በኤስኤስኤች አንድ ትዕዛዝ ብቻ ልከው ሲያስኬዱ ከዚያ ቁራጭ በታች የጻፉት ሁሉ አይነበብም። እላዩ ላይ ጽፎ ማለፍ ይቻላል፤ ግን ነገሩን ማወሳሰብ ነው።

/ኢቲሲ/ኢንቫይሮንመንት የሚያጓጓው «ለሁሉም ይሠራል» ስለሚባል ነው። ብዙዎቹን መግቢያዎች ይሸፍናል፣ እውነት ነው። ነገር ግን የሚያነበው ሼል አይደለም፤ ፓም የተባለው የመግቢያ ሥርዓት ነው። ስለዚህ የሼል ቋንቋ አይገባውም። ስም፣ እኩል ይሆናል፣ ዋጋ። በቃ። እንደለመዱት $ፓዝ ብለው ነባሩን ሊያስቀጥሉ ቢሞክሩ ምልክቷን እንዳለች ይወስዳታል። ያኔ የነበሩት ፎልደሮች ከፓዝ ይጠፋሉ፤ ለእርስዎ ብቻ ሳይሆን በማሽኑ ላይ ላለ ተጠቃሚ ሁሉ። የግል መሣሪያን ለማስገባት ይህን ያህል አደጋ ምን አመጣው? መሣሪያው የእውነት ለሁሉም ከሆነ /ኢቲሲ/ፕሮፋይል.ዲ ውስጥ ስሙ በ«.ኤስኤች» የሚያልቅ አነስተኛ ፋይል ማስቀመጥ ይሻላል። እሱን /ኢቲሲ/ፕሮፋይል ራሱ ስለሚያነበው የሼል ቋንቋ ይሠራበታል።

አንድ ሰዎች የሚረሱት መንገድም አለ፦ ፓዝን ጨርሶ አለመንካት። መሣሪያው አንድ ወይም ሁለት ትዕዛዝ ብቻ ከሆነ /ዩኤስአር/ሎካል/ቢን ውስጥ ወደ እሱ የሚያመለክት ሲምቦሊክ ሊንክ ይፍጠሩለት። ያ ፎልደር ኡቡንቱ ላይ አስቀድሞ ፓዝ ውስጥ አለ። ሁሉም መስኮት ወዲያው ያየዋል፣ መውጣት መግባት የለም። ክሮን ግን በልማዱ እዚያም አይፈልግም። ደግሞ አንዳንድ ፕሮግራም የራሱን ተጓዳኝ ፋይሎች የሚፈልገው ከተጠራበት ቦታ ተነስቶ ስለሆነ በሊንክ ሲጠራ ይደናበራል። ሞክረው ከሠራ ጥሩ። መሣሪያው ደርዘን ትዕዛዞች ይዞ የሚመጣ ከሆነ ግን ለእያንዳንዱ ሊንክ መሥራት ድካም ነው፤ ወደ ፕሮፋይል ይመለሱ።

የእኔ ምክር ይህ ነው፤ ለእርስዎ ሁኔታ ሌላ አልመርጥም። በውርስ መተላለፍ ያለበት ሁሉ፣ ማለትም ፓዝና ኤክስፖርት የሚደረጉ ቫሪያብሎች፣ ፕሮፋይል ውስጥ ይግባ። ትዕዛዝ ሲተይቡ ብቻ የሚያስፈልግዎ፣ ማለትም አሊያስ፣ ቀለም፣ የትዕዛዝ መስመሩ ገጽታ፣ ባሽአርሲ ውስጥ ይቆይ። ባሽ_ፕሮፋይልን ያጥፉት። ሌላ የጻፉበት ነገር ካለ መጀመሪያ ወደ ፕሮፋይል ያዛውሩ። ባሽ_ሎግኢን የሚባል ፋይልም ካለ ያው ነው፤ እሱም ፕሮፋይልን ይሸፍናል። በሆነ ምክንያት ባሽ_ፕሮፋይል የግድ መኖር ካለበት ውስጡ «ፕሮፋይልን አንብብ» ከሚል መስመር ሌላ አይኑረው።

የሚጨምሩት መስመር ይህን ይመስላል፦

ኤክስፖርት ፓዝ="$ፓዝ:/ኦፕት/መሣሪያ/ቢን"

አዲሱን ፎልደር ከኋላ ነው ያስቀመጥኩት፤ ሆን ብዬ ነው። ሼሉ ፓዝን ከግራ ወደ ቀኝ ይፈልግና መጀመሪያ ያገኘውን ይይዛል። ከፊት ካስቀመጡት በተመሳሳይ ስም ያለውን የሲስተሙን ትዕዛዝ ይጋርዳል። አንዳንዴ የሚፈለገው ይኸው ነው፤ የሲስተሙ እትም አሮጌ ሆኖ አዲሱን ማስቀደም ሲያስፈልግ። ያኔ ቦታውን ይገልብጡት፤ ግን አውቀው ይሁን። በእኩል ይሆናል ምልክቱ ዙሪያ ክፍት ቦታ አይኑር። ጥቅስ ውስጥ በሞገድ ምልክቷ (~) ፈንታ $ሆም ብለው ይጻፉ፤ ምልክቷ ጥቅስ ውስጥ ስትሆን ወደ ሆም አትተረጎምም። ነጠላ ጥቅስ ከሆነ ደግሞ $ሆምም አይተረጎምም። ፎልደሮቹን የሚለየው «:» ምልክት ሁለት ጊዜ ተከታትሎ እንዳይገባ፣ መጨረሻውም ላይ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ይጠንቀቁ። እዚያ የሚቀረው ባዶ ቦታ «አሁን ያለሁበት ፎልደር» ተብሎ ይነበባል። ያም ማለት የማያውቁት ፎልደር ውስጥ ሰው ያስቀመጠው ፋይል እንደ ትዕዛዝ ሊሄድልዎ ይችላል።

ፕሮፋይል የባሽ ብቻ አይደለም። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ /ቢን/ኤስኤች ማለት ዳሽ የተባለ ሌላ ሼል ነው፤ አንዳንዱ የግራፊክ መግቢያም ፕሮፋይልን በእሱ ነው የሚያነበው። ዳሽ ቀለል ያለ ነው፣ የባሽን ጌጣጌጥ አያውቅም። ድርብ ማዕዘን ቅንፍ፣ አሬይ፣ ሾፕት፣ እነዚህን እዚያ አይጻፉ። ሶርስ የሚለውን ቃል እንኳ አያውቀውም፤ በምትኩ አንዲት ነጥብ ነው የምትጻፈው።

ፕሮፋይልን ከነኩ በኋላ ዴስክቶፑን ሎግአውት አድርገው ይመለሱ። መስኮቱን ዘግቶ መክፈት አይበቃም፤ አዲሱ መስኮት የሚወርሰው ከአሮጌው ዴስክቶፕ ነው። ብዙ ሰው «አልሠራም» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው እዚህች ላይ ነው። ቲመክስን (በአንድ ተርሚናል ውስጥ ብዙ መስኮት የሚከፍተውን ፕሮግራም) የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ወጥተው ቢገቡም ቀድሞ የተነሳው የቲመክስ ሰርቨር አሮጌውን እንደያዘ ሊቆይ ይችላል። ቲመክስ በልማዱ እያንዳንዱን መስኮት እንደ ሎግኢን ሼል ስለሚከፍት ፕሮፋይል በየመስኮቱ ይነበባል፤ ፓዝ ላይ ድግግሞሽ ካዩ መነሻው ይህ ነው። የሚጎዳ ነገር የለውም። ካስጠላዎት ፎልደሩ ፓዝ ውስጥ መኖሩን አይቶ ከሌለ ብቻ የሚጨምር ቅድመ ሁኔታ ይጻፉለት።

ሰርቨር ላይ ፕሮፋይልን ሲነኩ ሌላ አንድ ኤስኤስኤች መስኮት ክፍት ይተው፤ አዲሱ መግቢያ መሥራቱን ሳያዩ አይዝጉት። እዚህ ፋይል ውስጥ የገባች አንዲት «ኤግዚት» ወይም «ሴት -ኢ» በገቡ ቅጽበት ልትጥልዎ ትችላለች። $ፓዝን ረስተው አዲሱን ብቻ ከጻፉ ደግሞ «ኤልኤስ» እንኳ አልተገኘም ይባላል። አይደንግጡ፣ ምንም አልጠፋም። «ኤክስፖርት ፓዝ=/ዩኤስአር/ቢን:/ቢን» ብለው ለዚያች መስኮት ይመልሱትና ፋይሉን ያርሙ። ጨርሶ መግባት ካቃተዎት በኤስኤስኤች «ባሽ --ኖፕሮፋይል --ኖአርሲ» የሚለውን ትዕዛዝ ልከው ይግቡ። ኤስኤስኤች ትዕዛዝ ሲላክለት ሼሉን ሎግኢን አድርጎ ስለማያስነሳው የተበላሸው ፕሮፋይል ይታለፋል።

ባሽአርሲ ላይ የሰላምታ ጽሑፍም አይጨምሩ። ባሽ በኤስኤስኤች ትዕዛዝ ተልኮለት ሲነሳ ባሽአርሲን የሚያነብበት ጊዜ አለ። ያኔ ፋይሉ አንዳች ነገር ካተመ፣ ፋይል የሚያዘዋውሩት ኤስሲፒና አርሲንክ ያን ጽሑፍ የዝውውሩ አካል አድርገው ያዩትና ይቋረጣሉ። ምክንያቱን መፈለግ ደግሞ ቀን ይፈጃል። ፋይሉን ዊንዶውስ ላይ አርመው የሚያመጡ ከሆነ የመስመር ማብቂያውን ይዩ፤ የማይታየው ተጨማሪ ምልክት ከፎልደሩ ስም ጋር ይጣበቅና አድራሻው ለዓይን ትክክል ሆኖ ሳለ አይገኝም።

ለክሮን የማዝዘው አጭር ነው። ስክሪፕቱ ውስጥ መሣሪያውን በሙሉ አድራሻው ይጥሩት። ወይም ክሮንታቡ (የክሮን ሥራዎች የሚዘረዘሩበት ፋይል) አናት ላይ ፓዝን ሙሉ በሙሉ ዘርዝረው ይጻፉ፤ ክሮንታብም $ፓዝን አይተረጉምም። ባሽን በሎግኢን መልክ እንዲያስነሳ ማድረግ ይቻላል፤ አንዳንዶች ያደርጉታል። እኔ አልመክርም። ነገ ለራስዎ ምቾት ፕሮፋይል ላይ የሚያደርጓት ለውጥ ሌሊት የሚሄደውን ሥራ ታበላሽብዎታለች።

መሥራቱን ለማየት «ታይፕ -ኤ» ብለው የመሣሪያውን ስም ይስጡ፤ የተገኘባቸውን ቦታዎች በቅደም ተከተል ያሳያል። አሮጌውን ቦታ ሙጭጭ ካለ ባሽ ስላስታወሰው ነው፤ «ሃሽ -አር» ያስረሳዋል። የትኛው ፋይል እንደሚነበብ በዓይንዎ ማየት ከፈለጉ «ባሽ -ኤልኤክስ» ይበሉ። የሚያልፍበትን መስመር ሁሉ እያተመ ይሄዳል፤ ረጅም ነው፣ ግን ግምት አያስፈልግም።

ዜድ ሼል ለሚጠቀሙ፦ ሎግኢን ላይ የሚነበበው ዜድፕሮፋይል፣ ኢንተራክቲቭ ላይ ዜድኤስኤችአርሲ፣ ምንጊዜም ደግሞ ዜድኤስኤችኢኤንቪ ነው። ፓዝን ዜድኤስኤችኢኤንቪ ላይ መጻፍ ያጓጓል። ማክ ላይ ግን ከእሱ በኋላ የሚሄደው /ኢቲሲ/ዜድፕሮፋይል ፓዝን እንደገና ይደረድረዋል፤ ከፊት ያስቀመጡት ከኋላ ሆኖ ያገኙታል። ሆም ውስጥ ባለው ዜድፕሮፋይል ላይ ይጻፉት።

ሱዱን (ትዕዛዝን በአስተዳዳሪ ሥልጣን የሚያስኬደውን) ሳይጠይቁኝ ልጨምር፤ ቀጣዩ ጥያቄ እሱ ነውና። ኡቡንቱ ላይ ሱዱ የእርስዎን ፓዝ አይወርስም፤ ለደኅንነት ሲባል በራሱ የሴቲንግ ፋይል ውስጥ በተጻፈለት ዝርዝር ይተካዋል። መሣሪያው በተራ ተጠቃሚነት ሠርቶ በሱዱ አልተገኘም ካለዎት ፕሮፋይልን አይንኩ፣ የሱዱንም ዝርዝር አይቀይሩ። ሙሉ አድራሻውን ጽፈው ይጥሩት።